በአየር አንድ ሰዓት ከሩብ

እናቴ፣ ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በደህና ያግኝሽ። አካም ነሽ? ጅግጅጋ ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ? ወገብሽን ተሻለሽ? ከእኛ ተለይተሽ ከሄድሽ ወዲህ ወንድሞችሽስ እንዴት ይዘውሻል? አባባ ደህና ነው፤ አክስቴ ሀሚዳም ደህና ናት። ዝናቡ ዘግይቶ ነገሌ ላይ ሙቀቱ በርትቷል። እኔም አልሐምዱሊላህ፣ ያመመኝ ነገር የለም።

ነገሩን በስልክ ያልነገርኩሽ የአክስቴ ስልክ ሁልጊዜ ድምፁ ተከፍቶ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ስለሚሰማው ነው።

ለእኔ ሰው መጥቷል። ፋዲል ይባላል፤ ክብረ መንግሥት ሱቅ አለው። መጥፎ ሰው አይደለም ይላሉ። ከአረፋ በኋላ ባለው አርብ ሽማግሌዎቹ እኔኑ ይጠይቁኛል። አክስቴ "አንቺ ምንም ማለት የለብሽም፤ የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው" አለችኝ። ልጇ ዱንያ ደግሞ "ይቺማ ቀድማ ፈቅዳለች፤ ከተወለደች ጀምሮ ዝም እንዳለች ነው!" ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ታውቂኝ የለ፣ ሰው ሲያየኝ አፌ ይደርቃል። ትንሽ ሆኜ ዝም ስል አንቺ ብቻ ፊቴን አይተሽ "ይቺ ልጅ እምቢ እያለች ነው" ትዪ ነበር። ስለዚህ እንድትመጪልኝ ፈለግሁ።

"መንገዱ ሩቅ ነው" ስለምትዪ ዱንያ በስልኳ ርቀቱን እንድታይልኝ ለመንኳት። ከነገሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ አምስት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል። እማ፣ ሚኒባሱ ክብረ መንግሥት እንኳ በዚህ ጊዜ አይደርስም! ቁርስሽን እዚያ በልተሽ ምሳ ከእኔ ጋር እንደማለት ነው። ያን ቀን ልብስ እያሰጣሁ ሰማይ ሰማይ ሳይ ዋልኩ።

በማግስቱ ትኬት ቆራጩ ጋ ሄድኩ። ከበሩ ሁለት ጊዜ ተመልሼ በሦስተኛው ገባሁ። ሰውየው ሳቀ። "እህቴ፣ ቀጥታ በረራ የለም እኮ። ያየሽው ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነው። እናትሽ አሞራ ከሆነች ትደርሳለች" አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ወንበር ሳበልኝ። አዲስ አበባ ወጥተሽ፣ አድረሽ፣ እንደገና በመኪና ወደ እኛ እንደምትወርጂ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። "ታዲያ የሌለ ነገር ሰዓቱን ለምን ጻፉት?" ልለው ነበር። ዝም አልኩ። "ጎበዝ፣ ገባሽ ማለት ነው" አለኝ።

ትናንት አክስቴ አንቺም ለአባባ ስትጠየቂ ዝም ብለሽ እንደነበር ነገረችኝ። "እናትሽ ጨዋ ነበረች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችም" አለች፣ በኩራት። አባባ ይህን ሲሰማ ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።

እማ፣ መምጣቱ ባይሆንልሽ አልቀየምሽም። ወደ እናንተ ጨርቅ ሊጭን የሚመጣው ሾፌሩ ዓብዱልሀኪም ነው ይህን የሚሰጥሽ፤ ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ። ያኔ ትንሽ ቢጠብቁሽ ኖሮ ምን ትዪ ነበር? በቃሌ አጠናዋለሁ። መልስሽ እኔ ሳልወለድ የምቀርበት ቢሆንም አይከፋኝም።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ