የባለቤት ስም

ሰኞ

ስሜ የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በጣቴ እየተከተልኩ። የነርሶቹ ስም አለ፣ የመምህራኑ አለ፣ ከኛ ቢሮ የሹፌሩ እንኳ አለ። ይሄ የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ማኅበር ዝርዝር ነው። ስሙ ያለበት የቤት መሥሪያ ቦታ ይደርሰዋል፤ የሌለበት እንደኔ ዝናብ ላይ ቆሞ ያነባል።

አስቂኙ ነገር ዲግሪዬ በኮንስትራክሽን መሆኑ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚሁ መቱ የሰው ቤት ፕላን ስሥል ኖርኩ። ራሴ የምኖረው አከራዬ ጋሼ ታደሰ ግቢ፣ ከኩሽናው ጎን ባለች አንድ ክፍል ነው። ጋሼ ትምህርት ያቆሙት ከአራተኛ ክፍል ነው። ቤታቸውን በቡና ንግድ፣ ያለ ፕላን ሠሩት። አንድም ቀጥ ያለ ግድግዳ የለውም፤ ግን ቆሟል።

እሷም ክፍል ልትሄድ ነው። ልጃቸው ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቅዳሜ ይመጣል። ሥራ እስኪያገኝ እዚያ ይሁን አሉ። ምን ይበሉ? ልጃቸው ነው።

ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ሐሙስ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ማኅበሩ ውስጥ የሚመዘግበው ልጅ ፋይሌን አውጥቶ አየና፣ «እህቴ፣ ባለቤትሽ ቤት አላቸው እኮ» አለኝ።

የምን ባለቤት?

ቅጹን አዙሮ አሳየኝ። በአፋን ኦሮሞ ነው። አንደኛው መስመር የምኖረው በግል ቤት ነው ወይስ በኪራይ ይላል፤ «ኪራይ» ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ቀጥሎ የ«አባ መና» ስም ይላል። አባ መና፣ የቤቱ አባት። አከራይሽ ማነው ማለቱ መስሎኝ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ የጋሼ ታደሰን ስም እስከ አያታቸው ጽፌላቸዋለሁ።

አባ መና ባልም ማለት ነው። ይህን ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ ልጆች ያውቃሉ። እኔም አፍ ከፈታሁ ጀምሮ አውቃለሁ፤ የቤት ነገር ሲመጣ ግን ከአከራይ ሌላ ሰው አይታየኝም። አማርኛውስ ቢሆን? ባልም ባለቤት፣ ቤት ያለውም ባለቤት። እኔ በሁለቱም ቋንቋ ባለቤት የለኝም።

ካላገባሽ ከቀበሌ ወረቀት አምጪ፣ ሰውየውም ራሳቸው እዚያው ሄደው ይመስክሩ ተባልኩ።

ረቡዕ

ለጋሼ ሚስት ለእትዬ አስካለ እንዴት ይነገራል? ከቧንቧው ወደ ክፍሌ፣ ከክፍሌ ወደ ቧንቧው ስመላለስ ራሳቸው «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ሠላሳ ዓመት ያበሰልኩለትን ሰው በአንድ ወረቀት ወሰድሽብኝ? ኧረ ታደሰ! ና፣ ሚስትህ ትፈልግሃለች!»

ጋሼ አልሳቁም። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «አምስት ዓመት ሙሉ ምን አስተማሩሽ ልጄ?» አሉ። ክፋት የለበትም። ሳቅኩላቸው። ክፍሌ ገብቼ ግን በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ

ጋሼ ለምስክርነቱ ኮታቸውን ለበሱ። ቀበሌው ሞልቷል። ጸሐፊዋ ምን ሊመሰክሩ እንደመጡ ስትጠይቃቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኢሼን ሃዸ መና ኮ ሚቲ!» አሏት፤ ሚስቴ አይደለችም። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን። አንዷ እናት «ውይ፣ በዚህ ዕድሜ!» አሉ፤ ለማን እንዳሉ አላውቅም።

ማኅተሙ ተመታ። ወደ ማኅበሩ እየሮጥን ሄድን። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ስሜን ጻፈ፤ በተጠባባቂ፣ ከሁሉም መጨረሻ። ከዋናው ዝርዝር ሰው ከቀረ ይጠሩኛል። በዚህ አገር ቦታ ደርሶት የሚቀር ሰው ካለ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።

ስንመለስ ጃንጥላቸውን ወደኔ አዘንብለው ራሳቸው በሰበሱ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ «አንቺ ሥራ ይዘሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ የኔው ደግሞ…» ብለው ተዉት። ትናንት ያልሳቁት ለካ በኔ ተናደው አልነበረም። ሀብታሙን የቡና መሬት ሸጠው ነው ያስተማሩት።

ቅዳሜ

ዕቃዬ፦ ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ፣ አንድ ጥቅል የሰው ቤት። ጎሬ እናቴ ጋ እገባለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ አልጋ፤ ሚኒባሱ ከተገኘ በየጠዋቱ ወደ ሥራ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ። እማዬ በስልክ «ቤትሽ አይደል?» አለችኝ። የሷ ነው። ዛሬ እንደዚህ ያለ ደግነት እንኳ ያስከፋኛል።

እትዬ ለመንገድ ዳቦ ቋጠሩልኝ። «ባሌን መልሰሽልኝ ሄድሽ» ብለው አቀፉኝ፤ እሳቸውም እንባ መጣባቸው።

መጨረሻ ያወረድኩት የምረቃ ፎቶዬን ነው፤ በጥቁር ጋውን፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ። ሚስማሩን ራሴ ነበር የመታሁት። እሱንም ልነቅል ስል ሀብታሙ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከሚኒባስ መውረዱ ነው። ሻንጣ፣ እና በላስቲክ የተጠቀለለ ፍሬም።

«እህቴ፣ ይቅርታ… ሚስማሩን ብትተዪልኝ?»

ተውኩለት። ሰቀለው። ጥቁር ጋውን፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ። ግድግዳው ጠማማ ስለሆነ ፎቶ አይቆምበትም፤ ምንም ቢያስተካክሉት ወደ ግራ ያዘነብላል። ስድስት ዓመት ታግዬዋለሁ። ለሱ ግን አልነገርኩትም።