እናትን ከልጇ ለለየው የዛፎች ስያሜ ኮሚቴ

ለተከበራችሁ የዛፎች ምደባና ስያሜ ኮሚቴ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩት የደን ጠባቂ፣ ከዝናቡና ከአልቅቱ ጋር ደህና ነኝ።

በቅርቡ ባሳተማችሁት ባለ ዘጠና ገጽ መጽሐፍ፣ በደናችን በአንድ ወገን ስም ይጠሩ የነበሩትን ዛፎች ለሁለት ወገን እንደከፈላችኋቸው በታላቅ አክብሮት አንብቤያለሁ። ቅጠሉ እንደ እጅ ባለ ጣት የሆነው አንድ ወገን፣ ቅጠሉ ድፍን የሆነው ሌላ ወገን ስለተባለ እያመሰገንኩ፣ ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ባለ ጣቱ ቅጠል የልጅነት ቅጠል ነው። ያው ዛፍ ከቤት ጣሪያ ሲያልፍ ድፍን ቅጠል ያወጣል። ከትልልቆቹ ሥር ፍሬ እየለቀመች ችግኝ የምታፈላው ባልደረባዬ፣ መጽሐፋችሁን ባነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። የአያቴን የሕፃንነትና የሽምግልና ፎቶግራፍ ብልክላችሁ ሁለት ቤተሰብ ታደርጉት ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ።

፪ኛ/ ናሙና እንዲሰበስብ የላካችሁት ሹፌራችሁን ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማው እንዳይጨቀይ ከመንገድ ዳር እጁ የደረሰበትን ቆረጠ፣ ከትልልቆቹም ነፋስ የጣለውን ለቀመ። ከዚህ ዘጠና ገጽ ማውጣታችሁ እጅግ ያስደንቃል።

፫ኛ/ እዚህ ላይ ቀልዴን ልተው። በሕግ በተጠበቁት ዛፎች ዝርዝር ላይ የሰፈረው የድሮው ስም ነው። እናንተ የድሮውን ስም ለባለ ጣቶቹ ትታችሁ ለትልልቆቹ አዲስ ስም ስላወጣችሁ፣ አንጋፋዎቹ ያለ ከለላ ቀሩ። ባለፈው ሳምንት የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት መጽሐፋችሁን በብብቱ ይዞ መጥቶ የሚቆረጡትን ለመለየት አሥራ አራት ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ቀባ። ፈቃዱ የተሟላ ስለሆነ ልከለክለው አልቻልኩም፤ አንጀቴ ግን አርሯል። ማንም የማይቆርጠውን ችግኝ በሕግ ስላስጠበቃችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

መጋዙ ሐሙስ ይገባል። ከዚያ በፊት አንዲት መስመር እርማት ብትጽፉ ይበቃኛል።

ጭቃ የማያውቀውን ጠረጴዛችሁን አቧራም እንዳይነካው እየተመኘሁ፣ የባለ ጣቱም የድፍኑም ቅጠል ታዛዥ አገልጋይ፣

የደን ጠባቂው

ማስታወሻ፦ እዚህ ድረስ መምጣቱ ካደከማችሁ፣ የስብሰባ ክፍላችሁን መስኮት ክፈቱ። ለመኪኖቻችሁ ጥላ የሆነው ዛፍ ከግንዱ ሥር ባለ ጣት፣ ከአናቱ ድፍን ቅጠል አለው። ብቻ ፈጠን በሉ፤ ባለ መሰንጠቂያው የተረፈውን ቀይ ቀለም ይዞ ወደ ግቢያችሁ እንደሚመጣ ነግሮኛል።