ዳይሬክተሯን ወለል ላይ ያስቀመጥኩባቸው አሥር ቀናት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኅዳር 14

ለምናፍቅህ ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ? ትንሿ ልጅህስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን በዚህ ሰሞን ከሱ የባሰ ጉልበት ስላየ ማማረሩን ቀነስ አድርጓል። የምነግርህ ትልቅ ወሬ አለኝ። ስልክ እንደማታነሳልኝ ስለማውቅ በደብዳቤ ይሁን አልኩ። ይሄን ሲሰማስ ያነሳልኝ ይሆናል የሚል ተስፋም አለኝ፤ ምን ልደብቅህ።

ዳይሬክተሯን አገኘኋት። አዎ፣ ያችኑ። ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር እኛ መምህራን በሌለችበት «ፊሽካ» የምንላትን። ስድስት ዓመትህ ሳለ፣ እኔው ክፍል ስትማር፣ ከበሩ ጀርባ በጠመኔ ሳጥንና በጫማ ካርቶን ሦስት ቀን ሙሉ የሠራኸውን ከተማ ያፈረሰችብህን ሴት። ከዚያ ቀን በኋላ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አፍህን አልከፈትክም። እኔ የሰፈር ሱቆችን ዞሬ ካርቶን ለምኜ ባመጣልህ በእግርህ ገፍተህ ከአልጋው ሥር ትከተዋለህ። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው። ሃያ ስምንት ዓመት ይቺን ሴት በቂም ቋጥሬ ይዣታለሁ።

አሁን ክፍል እንደማላስተምር ሚስትህ ነግራህ ይሆናል። የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን ነው የማሠለጥነው፤ ሕፃናት በጨዋታ እንዴት እንደሚማሩ። ወደዚህ ሥራ የገባሁት በዚያ ከተማ ምክንያት ነው። እንግዲህ በቅርቡ የወጣ መመሪያ አለ፤ የአሥር ቀኑን ሥልጠና ያላለፈ ሰው መዋዕለ ሕፃናት መምራት አይችልም ይላል። ፊሽካ ደግሞ ጡረታ ወጥታ ግቢዋ ውስጥ የራሷን ከፍታለች። ወረቀቱን ካላገኘች ይዘጋባታል። ወረቀቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። የሠልጣኞች ዝርዝር ላይ ስሟን ሳየው ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ብድግ አልኩ። እግዜር እጄ ላይ ጣላት!

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያችው ፊሽካ አንገቷ ላይ አለች። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፤ አገጯ ግን እንደ ድሮው ወደ ላይ ነው።

«ፊሽካ እዚህ አይገባም፤ ቅርጫቱ ውስጥ ያስቀምጡልኝ» አልኳት፣ በአንቱታ፣ ሃያ ሦስት ሰው እየሰማ።

አውልቃ አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ። «የማውቅዎት መሰለኝ» አለች።

«ሊሆን ይችላል» አልኳት። «አሁን ወለሉ ላይ ይቀመጡ።»

በኛ ሥልጠና ወንበር የለም። ሠልጣኙ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ የምሩን ይጫወታል፤ በአሸዋ፣ በውሃ፣ በቆርኪ፣ በካርቶን። ያልተጫወተ ሰው ልጅ ጨዋታው ሲቋረጥበት ምን እንደሚያጣ አይገባውም ብለን ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ሳምንት ግን እኔ ያን ሁሉ ረስቼዋለሁ። የምጠብቀው ጉልበቷ ሲንቋቋ መስማት ነበር። ተንቋቋም!

በሁለተኛው ቀን እቃቃ ስንጫወት ሕፃኗን እንድትሆን መደብኳት። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። እናት የሆነችው ከሠልጣኞቹ ሁሉ ትንሿ ነበረች፤ ጣቷን እየነቀነቀች «እራትሽን ሳትጨርሺ ንቅንቅ የለም!» ስትላት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊሽካ ቆርኪውን ተቀብላ እየበላች አስመሰለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ልጄ። አንተ ብታያት ብዬ ተመኘሁ።

ከሁሉ የከበዳት ሃያ መቁጠር ነው። ልጅ ሲጫወት አንድ ነገር ቢያቅተው አዋቂው ተንደርድሮ አይገባም፤ አፉን ዘግቶ በልቡ ሃያ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ ሃያ ሳይሞላ ልጁ ራሱ መላ ያገኛል። ፊሽካ አራት ላይ «እንዲህ አይደለም!» ብላ ትፈነዳለች። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ «አሁንም አራት ላይ!» እላለሁ። አንድ ቀን አምስቴ አልኳት። ትበሳጫለች ብዬ ስጠብቅ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈችው። ይህቺ ነገሯ እኔኑ መልሳ አበሳጨችኝ። በሰባተኛው ቀን ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሃያ መድረስ ጀመረች።

ፈተናው ትናንት ነበር። ከጎረቤት መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ይመጣሉ፤ ሠልጣኟ አርባ ደቂቃ አብራቸው ትቀመጣለች፤ ፈታኟ እኔ ነኝ፤ ጥግ ይዤ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ጨዋታ ያቋረጠ፣ የልጅ ሥራ ያበላሸ፣ ወደቀ። ለእሷ የካርቶኑን ጥግ ሰጠኋት። አስቤበት ነው። ካርቶኖቹን ራሴ ነኝ ያመጣኋቸው፤ የጫማ ካርቶን።

አንዲት ድንቡሽ ያለች ልጅ ረጅም ድልድይ ጀመረች። አንዱን ጫፍ ለፊሽካ አስያዘቻትና «እንዳትለቂው፣ መኪና አለበት» አለቻት። ያዘች። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያዘች። ክንዷ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ልጅ በዚያ ሲያልፍ ትከሻው ነካውና ድልድዩ ግማሹ ወረደ። ፊሽካ አፏን ከፈተች። እኔ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። አፏን መልሳ ዘጋችው። ከንፈሯ ሲቆጥር እያየሁ አብሬያት ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ላይ ልጅቷ «ሰፊውን ከታች ነው የምናደርገው» ብላ እንደገና ጀመረች። ዘጠኝ ዓመት ሳሠለጥን እንደዚያ የተቀመጠ ሰው ያየሁት ምናልባት ሦስት ቢሆን ነው።

ወረቀቴን ሳብኩና «የልጅቷን ጨዋታ አቋረጠች። የሠራችውን አፈረሰች። አላለፈችም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት።

ደንቡ ሠልጣኟ አንብባ እንድትፈርም ያዛል። ሌሎቹ ሲወጡ ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው። እንድትጮህ ነበር የምጠብቀው፤ እንድትለምነኝም።

«ይሄ የዛሬ ነገር አይደለም» አለች፣ አንቱታውን ትታ።

«አይደለም» አልኳት።

«ልጅሽ እንዴት ነው?»

«እሱን አታንሺብኝ።»

መነጽሯን አወለቀችና፣ «ያን ዕለት ተቆጣጣሪዎች እየመጡ ነው፣ ይሄ ጥግ ይጽዳ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «በሩ ላይ ቆሜ ነው ያልኩት። ክፍል ውስጥ አልገባሁም። ልጁ ‹እማዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ› አለሽ። አንቺ እኔን ዞር ብለሽ አየሽኝና በእግርሽ በተንሽው። ልጇን ታሞላቅቃለች እንዳይሉሽ ፈርተሽ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ልጁ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እኔን አላየኝም። አንቺን ነበር የሚያየው።»

ከዚያ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደችና ፈረመች። «ትእዛዙ የኔ ስለነበረ ነው የምፈርመው» አለችኝ። ቦርሳዋን አንስታ፣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ እየያዘች ወረደች።

ውሸታም! አልኩ። ቤቴ እስክደርስ፣ መንገዱን ሙሉ፣ ውሸታም፣ ውሸታም እያልኩ ሄድኩ። ካረጀች በኋላ በእኔ ላይ ልታላክከው ነው አልኩ። እንደ እብድ ብቻዬን ሳወራ የሰፈሩ ሰው ሳያየኝ አልቀረም። የፈለግኩት ሁሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ የሷም የኔም ፊርማ ያለበት ወረቀት፣ ሰኞ የሚገባ። በሯ ሲታሸግ ቆሜ አያለሁ ብዬ ነበር፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቀደድኩትና ሌላ ጻፍኩ። ያየሁትን ብቻ ነው ያሰፈርኩት፤ አልፋለች፤ የሷ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ይቅር ብላታለች ብለህ እንዳታስብ። አላልኳትም። ያን አገጯን ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም እርር ድብን እላለሁ። ያች «ይጽዳ» ያለች አፏ አሁንም ጠላቴ ናት። ግን የሌላ ሰው ሥራ በሷ ስም ሰኞ ቢሮ ይዤ መግባት አልቻልኩም።

ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ያን ቀን ሳስታውስ ፊት አይታየኝም። የሚታየኝ ካርቶኖቹ መሃል የሚገባ ጫማ ነው። ጥቁር፣ ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላ። የፊሽካ ነው እያልኩ ኖርኩ። ፊሽካ ግን ስትመጣ ኮቴዋ እንዳይሰማ ሁልጊዜ ሸራ ጫማ ነበር የምታደርገው፤ በዚህ ነገሯ ሁላችንም እናማት ነበር። ያ ጥቁር ጫማ የማን እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት በሩ ሥር ቁጭ ብለህ፣ ምላስህን አውጥተህ፣ በብሩሽ የምታብሰው አንተ ነበርክ።

ከዚያ ቀን በኋላ አብሰህልኝ አታውቅም። ለምን ብዬም ጠይቄህ አላውቅም።

ስልኩን አታንሳልኝ፤ ግድ የለም። ትንሿ ስትጫወት አጠገቧ ዝም ብለህ ቁጭ እንደምትል ሚስትህ ጽፋልኛለች። እንደሱ አድርግ። እጅህ ይባረክ፣ ቤትህ ይሙቅ፣ ልጅህ የጀመረችውን ሁሉ ለመጨረስ ያብቃት፤ የሚቸኩልባት ሰው አይምጣባት፣ እኔም ብሆን።

እናትህ፣
ያን ጊዜ መምህርህም የነበርኩት