ታደለችን ልመልሳት የሄድኩ ዕለት

ዘነብዬ፣ የቤቴ አዛዥ፣

ከተለየሽን ወዲህ የጓሯችን ቡና አብቦ ረገፈ፤ ፍሬም ያዘ። እኔም አለሁ፣ መኖር ከተባለ። ሽሮ መሥራት ጀምሬአለሁ። ድመታችን አንድ ቀን ቀምሳው ጎረቤት ገባች፤ እስካሁን አልተመለሰችም።

አልጋሽን አላነሳሁትም። ከግርጌው መሬት ላይ የነበረው የታደለች ስስ ፍራሽ ግን ተጠቅልሎ ጓዳ ገብቷል። ግማሽ ጎንሽ አልታዘዝ ካለሽ ጀምሮ ያቺ ልጅ እዚያ ላይ በአንድ ጆሮዋ ተኝታ በሌላው አንቺን ስትጠብቅ ኖረች። ስታገላብጥሽ፣ ስታጥብሽ፣ አጥሚቱን በማንኪያ ስታጎርስሽ፣ ፀጉርሽን ሹሩባ ስትሠራሽ። ክረምት ሲገባ እዚህ ሚዛን ከተማ የቤቱን ሲሚንቶ ወለል ያልበዋል፤ ፍራሹንም አብሮ ያልበው ነበር። ታስታውሺያለሽ፣ ክራባቴን አስሬ ወደ ዕድር ስብሰባ ስወጣ ሁለታችሁ ተያይታችሁ በሳቅ ትፈርሱ ነበር። አንቺ በግማሽ አፍሽ፣ እሷ በሙሉው።

በለቅሶሽ ላይ ትልቁ ልጃችን ቆሞ፣ «ታደለች የቤታችን ልጅ ናት» ብሎ ተናገረ። እውነቱን ነው። ምሳዋን ሁላችንም ከበላን በኋላ የምትበላ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የምታስፈቅድ ልጃችን እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹማ እንኳን ሊያስፈቅዱኝ፣ መሄዳቸውን የምሰማው ከደረሱ በኋላ ነው። ይህችው ልጃችን ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ስታመላልስ፣ ብርጭቆ ስታጥብ ሰነበተች። «ውሃ አምጪ» ያላት እንጂ «እግዜር ያጽናሽ» ያላት አልነበረም። በሠልስትሽ ማግስት ፌስታሏን አንጠልጥላ እናቷ ዘንድ፣ ወደ ሸኮ ሄደች።

ወዲያው ልጆችሽ ጉባኤ ተቀመጡ። አጀንዳው እኔ ስለነበርኩ አልተጠራሁም። «አባባ ብቻውን አይሆንም፣ ታደለች ትመለስ» ተባለ። በሳምንቱ «ሂድና አምጣት» ብለው ሚኒባስ ላይ ጫኑኝ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳጠና ሄድኩ። አንቺን ለጋብቻ ስጠይቅ እንኳ እንዲያ አላጠናሁም።

ስደርስ ከእናቷ ደጅ፣ ከእንሰቱ ሥር ሰው ሞልቷል። ማን ሞቶባቸው ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

አንቺ ነበርሽ፣ ዘነብዬ።

ታደለች ጥቁር ለብሳ መሐል ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋታል። እኛ ቤት ያላለቀሰችውን ሁሉ እዚያ ታለቅሰዋለች። አይተውሽ የማያውቁ ሰዎች ስምሽን እየጠሩ ያነባሉ። ፓፓያ በሎሚ እንደምትወጂ፣ ዝናብ ሲመጣ መስኮቱ ይከፈትልኝ እንደምትዪ ያውቃሉ። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ «አባት፣ ለሟቿ ምኗ ነዎት?» አሉኝ።

«ባሏ» አልኳቸው።

አዘኑልኝ። ሰዉን ፈቀቅ ፈቀቅ አድርገው ከታደለች ቀጥሎ አስቀመጡኝ። ያጠናሁት ንግግር እዚያ ተቀምጦ የሚባል አልነበረም። እኔም አለቀስኩ።

ማታ ብቻዬን ስገባ ልጆችሽ በር ላይ ጠበቁኝ። «የታለች?» አሉ።

«ለቅሶ ላይ ናት።»

«ደግሞ የማን ለቅሶ?»

«የእናታችሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ መመለስ ያነሳ የለም። እኔ ግን እስካለሁ አልረሳሽም፣ ዘነብዬ። በሐዘንሽ ላይ ቦታዬን አሁን አውቄዋለሁ፤ ከታደለች ቀጥሎ ነው።

ባልሽ