አስተርጓሚውን ያባረረው ሲስተም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት 3፡10
አሥራ ሰባተኛ ሙከራ። መልሱ ያው፦ ከመረጃ ቋቱ ጋር መገናኘት አልተቻለም፤ ድራይቨር የለም። ደብተሬ፣ አንተ እንኳ ስማኝ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያዎች የኮሌጃችንን የሬጅስትራር ሲስተም አዘመኑ፣ ኬክ ቆረሱ፣ ፎቶ ተነሡ፣ በረሩ። ድራይቨር ማለት በፕሮግራሙና በመረጃ ቋቱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። እነሱ ለዳኛው አዲስ ካባ አልብሰው አስተርጓሚውን አባረውት ሄዱ። ችሎቱ ተሰይሟል፤ የሚግባባ የለም።

4፡30። ሆዳን መጣች፣ ከአፍደም ከተማ ድረስ። አምና በነርስነት ያስመረቅናት። ሐሙስ ጠዋት ትራንስክሪፕቷን ይዛ ለሥራ ፈተና ካልቀረበች ስሟ ይሰረዛል። የአስተርጓሚውን ነገር አስረዳኋት። ነገ ነይ አልኳት። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ 2፡45
አዲስ ድራይቨር ልጭን ብል የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉ ባለሙያው ዘንድ፤ የባለሙያው ስልክ ዝግ። ለሥ/አስኪያጁ ነገርኩ። ኮሚቴ ይቋቋማል አለ። ኮሚቴ!

አሮጌው ኮምፒውተር ድራይቨሩን እንደያዘ አለ እኮ! የት? ስቶር ውስጥ፣ “የሚወገድ” ተብሎ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር። ስቶር ያዡ ሙክታር፣ ሁላችንም አዴር፣ አጎቴ፣ የምንለው፣ ያለ ሞዴል 22፣ ያለ ዕቃ ማውጫ ቅጹ፣ ሚስማር አያወጣም። ሥ/አስኪያጁ ደግሞ ሞዴሉን አልፈርምም ይላል፤ የሚወገድ ዕቃ ሲሠራ ቢገኝ ኦዲተር ምን ይለናል?
ምን ይላል! ይሠራል ይላላ!

ረቡዕ፣ 5፡00
ሆዳን ዛሬም ደጅ ላይ ናት። “ወላል፣ ወንድሜ፣ አስተርጓሚ ከሆነ የጠፋው እኔ ሶማልኛም አማርኛም እችላለሁ፤ አስገቡኝ!” ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ነገ ሐሙስ ነው።

አዴር ሙክታር ዘንድ ሄድኩ። ዕቃ መውጣት ክልክል ነው፣ እሺ፤ ሰው መግባትስ? ጺሙን አሻሸ። ሰው በሞዴል አይመዘገብም፣ ወላሂ፣ ግባ አለኝ። ገባሁ። የኔትወርክ ገመድ በመስኮት አሾለክኩ። አሮጌው አቃሰተ፣ አቧራውን አስነጠሰ፣ ተከፈተ። ተገናኘ!

8፡20። ሆዳን ማህተሙ ያልደረቀ ትራንስክሪፕቷን እያራገበች ወጣች። ወሬው ግቢውን ዞረ፤ ሃያ ምሩቃን ስቶሩ መስኮት ስር ተሰልፈዋል። ሥ/አስኪያጁ በሩ ላይ ይጮኻል፤ ውጣ፣ ኮሚቴው ሳይወስን አንድ ወረቀት አይታተምም ይላል።

አልወጣም። የመጨረሻው ተመራቂ ወረቀቱን እስኪይዝ አልወጣም። ከውስጥ ልቆልፍ፣ ቁልፉን አቀብለኝ አልኩት አዴር ሙክታርን። ሥ/አስኪያጁን አየ። ሰልፉን አየ።
ሰጠኝ።