ወንፈላቸውን በዜማ የመለሱት መሪጌታ ባዩ ታከለ

መሪጌታ ባዩ ታከለ ከአባታቸው ከአቶ ታከለ ካሣሁንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐረገ ወይን ሞላ፣ በጋይንት አውራጃ በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬ መንደር በ፲፰፻፺፪ ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ደግመው እንደጨረሱ አባታቸው ስላረፉ ትምህርቱን ትተው እርፍ ጨበጡ። ትልማቸው የተመሰገነ አራሽ ነበሩ፤ ልባቸው ግን ድጓ ላይ ነበር። ሲያርሱ ስለሚያዜሙ በሬዎቻቸው ቆመው ማዳመጥ ለምደው ነበር ይባላል።

በ፲፱፻፲፮ ዓ.ም. ድጓ ለመማር በዚያው በጋይንት ወዳለችው የድጓ ደብር ወደ ቤተ ልሔም ሊሄዱ ቆረጡ። እናታቸውን ያለ እህል ላለመተው እርሻ እስኪገባ ቆዩ፤ የወንፈል ባልንጀሮቻቸውም በተራው መሠረት መጀመሪያ የእርሳቸውን ማሳ አረሱላቸው። በማግሥቱ ተራው የጓደኛቸው የአቶ ማሞ ሀብቴ ነበር። መሪጌታ ግን ለምዳቸውን ደርበው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ለእናታቸው ሲያስቡ የጓደኛቸውን ተራ ዘነጉ።

ባልንጀሮቻቸው ተቀየሙ፤ ቅያሜያቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከወንፈሉ አስወጧቸው፤ በማኅበሩ ጽዋም ቦታ እንደሌላቸው ላኩባቸው። አቶ ማሞ ደግሞ ከበሬዎቻቸው ሰነፉን «መሪጌታ» ብለው ሰየሙት። ተማሪው እናታቸውን ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር «ሳብ እንጂ መሪጌታ፤ ተኛህ እንዴ መሪጌታ» የሚል ድምፅና ሳቅ ከማሳው ይቀበላቸው ነበር። እርሳቸውም ለበሬው ጤና ለምነው ያልፋሉ። ለእናታቸው ግን ሳቁ እንደሚያማቸው፣ ቢሆንም ዜማውን እንደማይተዉ ነግረዋቸዋል። «እግዚአብሔር ጠራኝ ማለት የማሞ ዕዳ ቀረልኝ ማለት አይደለም» ይሉ ነበር።

በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. ድጓ አስመስክረው፣ መሪጌታ ተብለው ተመለሱ። ከእኩዮቻቸው ግን ሰላም የሚላቸው አልነበረም። በዚያው ክረምት የአቶ ማሞ እናት አረፉ። ወንዙ ሞልቶ የማዶ ካህናት መሻገር ስላልቻሉ መሪጌታ ሳይጠሩ መጡ፤ ከአጥቢያው ቄስ ጋር ሆነው ፍትሐቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሱ። አቶ ማሞ ሙክት እየጎተቱ ቢመጡ መሪጌታ አልቀበልም አሉ።

«ማሞ፣ ይህ ወንፈል ነው። ያረስህልኝን መመለሴ ነው» አሏቸው።

አቶ ማሞ የበሬውን ስም እንደሚለውጡ ተናገሩ። መሪጌታም «ተወው እባክህ፣ ሹመቱን ከእኔ ቀድሞ ያገኘ እርሱ ነው» ሲሉ ለቀስተኛው በሐዘን መካከል ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ባልንጀሮቻቸው ማሳቸውን ሲያርሱላቸው፣ እርሳቸው ልጆቻቸውን ሲያስተምሩና ሙታናቸውን ሲሸኙ ኖሩ። በ፲፱፻፳፯ ዓ.ም. የእስቴ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ተሾመች ቀለመወርቅ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

መሪጌታ ባዩ ባደረባቸው የሳምባ ሕመም በጸበልና በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና በየደብሩ የሚያዜሙ ደቀ መዛሙርታቸው በሐዘን ይሸኟቸዋል።

ዛሬ ጠዋት መቃብራቸውን የቆፈሩት የአቶ ማሞ ልጆች ናቸው። አቶ ማሞም ምርኩዛቸውን ይዘው ከአፈሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ባዩ ድሮም ልማዱ ነው፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ጥሎኝ ይሄዳል» አሉ፤ እንባቸውንም በጋቢያቸው ጠረጉ።

የጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከሰማያውያን መዘምራን ጎን ያቁምልን፤ የአቶ ማሞንም ተራ ያቆይልን። አሜን።