የኖጋ እጮኛ በመስታወት ሣጥን ውስጥ

ይድረስ ለምወድሽና ለምፈራሽ እህቴ፣ ለእትዬ ሬይዝል፣ ሞንቴቪዴዮ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ያለቃቅሳል? ባልሽን ሄክቶርን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የእኔ ወገብ ብቻ ከስፌት መኪናው ጋር እንደተጣላ ነው፤ ሽማግሌ ቢላክም አልታረቁም።

በመቀጠል በታላቅ አክብሮት የማስታውቅሽ፣ ልጄ ኖጋ የናዚ የጦር ወንጀለኛ ልታገባ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ወንጀለኛው ገበያ ውስጥ ቲማቲም ይሸጣል፤ ስሙ መናሼ ነው፤ ወላጆቹ የኢስፋሃን ሰዎች ናቸው፤ ዝንብ እንኳ እሽ የሚለው ይቅርታ ጠይቆ ነው። ጥፋቱ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ መመለጡና አንገቱ መቅጠኑ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ፊልም ሠሪዎች መጡ። በ1961 ያ ወገኖቻችንን ያስፈጀ የናዚ ሹም እዚህ ከተማችን ሲዳኝ፣ ካሜራ ግድግዳ ውስጥ ደብቀው ችሎቱን ለዓለም በቴሌቪዥን ስላሳዩት ሰዎች ድራማ ይሠራሉ። መናሼን ቲማቲሙ መሃል አይተው "አገኘነው!" ብለው ጮኹ። መነጽር አደረጉለት፣ ያን ተከሳሽ ሆነህ ተጫወት ብለው በችሎት የተቀመጠበትን በመሰለ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት፣ ፎቶውም ጋዜጣ ላይ ወጣ። እማዬ አየችና "ይሄ ፊት ያለበት ሰርግ ላይ አልገኝም" አለች። ኖጋም "አያቴ ከሌለች ሙሽሮች ከሚዳሩበት ድባብ ሥር አልቆምም" አለች። ሰርጉ የፊታችን ማክሰኞ ነው። እኔ ያላለቀ ቬሎ ታቅፌ መሃል ቀረሁ።

ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ሲያይ እኛ አገር ቴሌቪዥን አልነበረም። እማዬ የሰማችው በጎረቤት ሬዲዮ ነው። ሁለት ወንድሞቿን ያስፈጀ ሰው፣ ደረሰኝ እንደሚቆርጥ ጸሐፊ ረጋ ብሎ "ጥፋተኛ አይደለሁም" ሲል ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሬዲዮ አልገባም። ስለዚህ ሦስት ቀን ከለመንናት በኋላ፣ "ፊትስ ፊት ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝ ድምፁ ነው። ልጁ ሲናገር ልስማውና እወስናለሁ" አለች።

እንደ ታዳሚ ትቀመጥ ተብሎ ወደ ቀረጻው ወሰድኳት። አልባሳት ክፍል ያለችው ልጅ "እማማ፣ የስልሳ አንድ ቀሚስ እናልብስዎ" ብትላት፣ "የለበስኩትስ የመቼ መሰለሽ?" አለቻት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ካሜራ ግድግዳ ውስጥ ተደብቋል፤ የተደበቀውን ሌላ ካሜራ ይቀርጸዋል፤ ያንን ደግሞ ጋዜጠኛ ፎቶ ያነሳዋል። ከሦስቱ ግርማ ሞገሳም ዳኞች አንዱ የጥርስ ሐኪሜ ነው።

"ጸጥታ!" አለ ዳይሬክተሩ። እማዬ እጄን ጨበጠች፤ ጥፍሯ ገባ። መናሼ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሲያጠናው የከረመውን የጀርመንኛ "ጥፋተኛ አይደለሁም" አወጣው። በምን ድምፅ መሰለሽ? በቲማቲም ድምፅ! ዋጋ ሲጠራ እንደሚያደርገው የመጨረሻዋን ቃል እስከ ገበያው ዳር ጎተታት።

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። መሃረብ አፏ ውስጥ ብትከትም አልሆነላትም። ከዚያ ታዳሚው፣ ከዚያ የጥርስ ሐኪሜ፣ ከዚያ ግድግዳው ራሱ ሳቀ።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ቀልድ አይደለም!" አለ ዳይሬክተሩ።

"መቼ ጠፋኝ የኔ ልጅ? ከዚያ ድምፅ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ። ይሄ ምስኪን መዋሸት አይችልም፤ ሌላ ሰው ይናገርለት" አለችና ሄዳ መስታወቱን አንኳኳች። "ና ውጣ አንተ፣ ላብ አጠመቀህ! ሙሽራ አይደለህ እንዴ?"

"አስቀየምኩዎት፣ እማማ ፍሩማ?"

"በሳቅ ገደልከኝ እንጂ!"

ዓርብ ማታ ሰንበት ሲገባ ከማዕዱ ራስ አስቀምጣው የወይኑን ቡራኬ አንተ በል አለችው። ቀስ ብሎ ሊጀምር ሲል "ምን ታንሾካሹካለህ? በራስህ ድምፅ!" አለችው። አለውም። ከመንገዱ ማዶ ያሉ ጎረቤቶች በመስኮት "አሜን!" ብለው መለሱ። እማዬ አለቀሰች፤ እኛም ሾርባው ስላቃጠላት ነው ብለን ተስማማን።

ሄክቶርን፣ ትልቋን ዲናንና ጥርስ ያበቀለውን ትንሹን ሳሚን በያሉበት ሳሚልኝ። እማዬ ጉንጭሽን ቆንጥጣሻለች። ኖጋ ስማሻለች። መናሼም ሰላም ብሎሻል፤ መስኮት ብትከፍቺ ሳይሰማሽ አይቀርም።

ታናሽ ወንድምሽ ጌርሾን

ኢየሩሳሌም፣ ናሕላኦት
ሜይ 31 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.